ነጩ ምልክት ይለቃል፣ ጥቁሩ ኪስ ይነካል

ያገለገለ የእንጨት ዕቃ ለሚገዙ፣ ለሚያሻሽጡና ለሚያድሱ

በደብረ ማርቆስ ያገለገለ የቤት ወይም የቢሮ ዕቃ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በጠረጴዛው ፊት ላይ ነው። እግሩ ይነቃነቅ እንደሆነ፣ መሳቢያው ይዘጋ እንደሆነ ኋላ ይታያል። ፊቱ ላይ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል ክብ ካለ ገዢው ጣቱን ያሳርፍበትና «ይኼማ አልቆለታል» ብሎ ዋጋ መቁረጥ ይጀምራል። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ መልስ ስለሌለው ይቀንሳል። ደላላው በመካከል ሆኖ ሁለቱንም ያስማማል፤ የእሱ ድርሻ እንደሆነ ክብ ኖረም አልኖረም አይቀርም።

እዚህ ላይ ገበያው አንድ ስሕተት ይሠራል። ነጭ ክብ ያለበት ጠረጴዛ በአንድ ንጹሕ ጨርቅ፣ በአንድ ካውያና በግማሽ ሰዓት ሥራ ሊነጻ ይችላል። ጥቁር ክብ ያለበት ግን ቅቡ ተነሥቶ፣ በኬሚካል ታጥቦ፣ ተልጎና እንደገና ተቀብቶ ነው መልኩ የሚመለሰው። የመጀመሪያው ወጪ ከምሳ ዋጋ አይበልጥም፤ የሁለተኛው ግን ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል። ገበያው ሁለቱንም «እድፍ» በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል፤ የሚቀንሰውም ለሁለቱም ተቀራራቢ ዋጋ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስላገለገሉ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነበር፦ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ ማወቅ ሲሳነው ለሁሉም የመጥፎውን ዋጋ መስጠት ይቀናዋል። አከርሎፍ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ለእኛ አንባቢ የሚጠቅመው ግን የነገሩ ሌላው ገጽታ ነው። ሁሉም በማይለይበት ገበያ ውስጥ መለየት የቻለ ሰው በዋጋው ልዩነት ይጠቀማል።

ዕቃው ለምን ዋጋ አለው?

ነገሩን ከእንጨቱ እንጀምር። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ያሉ የቆዩ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ጠረጴዛ፣ ቁምሳጥንና ቡፌ አብዛኛው ከዋንዛ የተሠራ ነው። ዋንዛ ለመላጊያ የሚመች፣ ለስፋቱ ክብደቱ የማያስቸግር፣ ቅብ ሲያርፍበት መልኩ የሚያምር እንጨት በመሆኑ አናጢው ይወደዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሏል። ያ አዋጅ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አዋጆች ተተክቷል፤ ነገር ግን ወፍራም የዋንዛ ጣውላ እንደ ቀድሞው በየአናጢው በር ተደርድሮ የሚገኝ ነገር አይደለም። ቦታውን የባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ከዚያም ከውጭ የሚገባው ችፑድና ኤምዲኤፍ ይዘውታል።

በመሆኑም በአንድ አሮጌ የዋንዛ ጠረጴዛ ውስጥ ያለው ጣውላ ብቻውን ገንዘብ ነው። ልዋጭ እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ ይህን ያውቃል። የቤቱ ባለቤት ግን በፊቱ ላይ ባለው ክብ አፍራ ጓዳ ካስገባችው በኋላ በአንድ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም በሁለት ሳህን ስትለውጠው ይታያል።

ምልክቱ ከየት ይመጣል?

ከቡና። ከጠላም ከድስትም ይመጣል፤ በእኛ ቤት ግን አንደኛው ጥፋተኛ ቡና ነው። ጀበና በማቶት ላይ ሲቀመጥ ችግር የለም። እንግዳ ሲበዛና ማቶቱ ሲጠፋ ግን ከፍም ላይ የተነሣው ጀበና በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ይህ ቅብን ያድናል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ሼላክ የሚባለው የጥንቱ ቅብ በ75 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። የጀበናው ቂጥ ደግሞ ከውስጡ ካለው ቡና ይልቅ ይሞቃል፤ ከፍም ላይ ነዋ የተነሣው።

ቅቡ ሲሞቅ ይላላል፤ በላዩ ወይም በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበትም ተንኖ ወደ ቅቡ ይገባል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍተቶች ይቀራሉ። እነዚህ ክፍተቶች ብርሃን ይበትናሉ፤ ጮቄ ተራራን ጠዋት የሚሸፍነው ጭጋግ ነጭ ሆኖ የሚታየው የውኃ ጠብታዎቹ ብርሃን ስለሚበትኑ እንደሆነ ሁሉ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ነጭነትም እንዲሁ ነው። ቀለም አይደለም፤ እንጨቱንም አልነካውም። ቀዝቃዛ ጠላ ከያዘ ብርሌ ሥር የሚጠራቀመው ላብም ለረጅም ሰዓት ከቆየ ያንኑ ይሠራል። እንግዲህ ነጭ ማለት ጉዳቱ ቅቡ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጥቁር ከሆነ ውኃው ቅቡን አልፎ እንጨቱ ዘንድ ደርሷል። ብዙ እንጨቶች ታኒን የሚባል ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ንጥረ ነገር አላቸው። ታኒን ከብረት ጋር በእርጥበት ሲገናኝ ሰማያዊ ቀመስ ጥቁር ቀለም ይፈጥራል። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት የቀለም ዓይነት ከዚሁ የሚሠራ ነበር (የእኛ ቁም ጸሐፊዎች በጥቀርሻ የሚያዘጋጁት ሌላ ነው)። ብረቱ ከየት መጣ ቢባል፣ ከዛገ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ከብረት ድስት፣ ከምስማር፣ አንዳንዴም ከውኃው ከራሱ። ክረምት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የቆየ ቡፌ በምስማሩ ዙሪያ የሚያወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ይህ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እርጥብ ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት ቤት ደግሞ የዕቃውን እግር ገልብጦ ማየት ይገባል፤ ቄጤማው ሥር የዋለው የእግር ጫፍ ጠቁሮና ለስልሶ ይገኛል። ከላይ እየተወለወለ የኖረ ቁምሳጥን ከታች ሲበሰብስ ማንም አያየውም።

ሦስተኛው ምልክት ቡናማ ወይም ከሰል የመሰለው ነው። ይህ ቃጠሎ ነው፤ ከምድጃ ወይም ከዕጣን ማጨሻ ፍም የወደቀበት። መድኃኒት የለውም። ይፋቃል፣ ከጠለቀ በስቱኮ ይሞላል።

ቅቡን ማወቅ

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት ዕቃው በምን እንደተቀባ መለየት ያስፈልጋል። ፈተናው ቀላል ነው። ከጠረጴዛው ሥር ወይም ከጀርባው በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ የሕክምና አልኮል ያኑሩና ጥቂት ጠብቀው በጣት ይንኩት። ከተጣበቀ ሼላክ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ላይ ይገኛል። አልኮሉ ካልነካው በቲነር ይሞከር። ቲነር ካለሰለሰው በስፕሬይ የሚረጨው የናይትሮ ሴሉሎስ ቅብ ነው። ሁለቱም ምንም ካላደረጉት ጠንካራው ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊስተር መሆኑ ይገመታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በቀላሉ ምልክት ይይዛሉ፣ በቀላሉም ይለቃሉ። ሦስተኛው ምልክት አይዝም፤ ከያዘ ግን በጨርቅና በካውያ እሺ አይልም።

ነጩን ማስለቀቅ

የመጀመሪያው መድኃኒት ምንም አለማድረግ ነው። ትኩስ ምልክት አንድ ሁለት ቀን በደረቅና ንፋስ በሚገባው ክፍል ቢቆይ እርጥበቱ ራሱ ሊወጣ ይችላል። በበጋ የጎጃም አየር ደረቅ በመሆኑ ይህ ይሠራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ባይጠብቁት ይሻላል።

ካልለቀቀ ሙቀት ነው። ንጹሕና ደረቅ የጥጥ ጨርቅ (ያረጀ ነጠላ ቁራጭ ይበቃል) በምልክቱ ላይ ይነጠፋል። ካውያው ውኃው ወጥቶ፣ እንፋሎቱ ተዘግቶ፣ በዝቅተኛው ሙቀት ላይ ይደረጋል። በጨርቁ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ እያንሸራተቱ አንሥቶ ማየት፣ ከዚያ መድገም። ሙቀቱ በቅቡ የታሰረውን እርጥበት ይዞ ይወጣል፤ የላላው ቅብም ክፍተቶቹን ይዘጋል። ሙቀት ያመጣውን በሙቀት ማስወጣት ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው። ካውያውን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ስልክ የሚያነሣ ሰው በነጭ ክብ ፈንታ ባለሦስት ማዕዘን ጠባሳ ይተርፈዋል። ኤሌክትሪክ ከጠፋና የከሰል ካውያ ብቻ ካለ መብራት እስኪመጣ ቢቆይ እመክራለሁ፤ የከሰል ካውያ ሙቀቱ አይመጠንም፣ ፍሙም ይረግፋል።

ካውያ የሚፈራ ሰው የፀጉር ማድረቂያ ይጠቀም፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ከዚህም ሌላ ቫዝሊን በምልክቱ ላይ ቀብቶ አሳድሮ ጠዋት መጥረግ አለ። ቅባቱ ወደ ክፍተቶቹ ገብቶ ብርሃኑ እንዳይበተን ያደርጋል። ይህ እንግዲህ ማስለቀቅ ሳይሆን መሸፈን ነው፤ ቢሆንም ለዓይን ያው ነው። ዕቃውን መልሶ መቀባት የሚያስብ ሰው ግን ቅባት ባያስነካው ይሻላል፤ አዲሱ ቅብ ቅባት ባለበት ቦታ አይዝም።

አሮጌዎቹ የቤት እመቤቶች የሚያውቁት በወንፊት የወረደ አመድ በዘይት ለውሶ ማሸት ነው። የሚሳቅበት ነገር አይደለም። አመዱ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል፤ የቅቡን የላይኛውን ስስ ሽፋን ይፍቀዋል፣ ነጭነቱም ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያ ነው። ነጭ የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ ነው። ሁለቱም የሚያብለጨልጭን ቅብ ስለሚያደበዝዙ በእንጨቱ ዘር አቅጣጫ በቀስታ መታሸት አለባቸው፤ ከዚያም ፊቱ በሙሉ በሰም ይወለወላል።

ዕቃው ሼላክ ከሆነ በአልኮል ጥቂት ብቻ የረጠበ ጨርቅ በላዩ ላይ ፈጠን አድርጎ ማሳለፍ ነጩን በቅጽበት ያጠፋል፤ የቅቡ ፊት ቀልጦ ስለሚገጥም ነው። ለናይትሮ ደግሞ ባለሙያዎች ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በስሱ ይረጩበታል። የዚህ ሥራ ምሥጢር ማነሱ ላይ ነው። እጁ ያልለመደ ሰው ጨርቁን ካቆመው ከቅቡ ጋር ይጣበቅበታል።

በዚሁ አጋጣሚ አዲስ ዕቃ ለሚገዙም አንድ ነገር እንበል። በክረምት ከአናጢ ቤት የወጣ አዲስ ቁምሳጥን በፊቱ ላይ እንደ ደመና የተበተነ ነጭነት ካለው ውኃ ፈሶበት አይደለም። የናይትሮ ቅብ ሲረጭ ቲነሩ በፍጥነት እየተነነ ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥብ አየር ባለበት ጊዜ ጤዛ ያርፍበትና ያ ጤዛ ቅቡ ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ባለሙያ ዝናብ በያዘ ቀን አይረጭም፤ ወይም ቀስ ብሎ የሚተነውን ቲነር ይቀላቅላል። የርክክብ ቀን የቸኮለበት ግን ይረጫል። ገዢው ቀሪ ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት ዕቃውን ወደ ደጅ አስወጥቶ በጎን ብርሃን ቢያየው አይከፋም።

ጥቁሩና በረኪናው

ለጥቁሩ በየቤቱ የመጀመሪያው ሐሳብ በረኪና ነው። ልብ ይበሉ፤ በረኪና የብረትና የታኒንን ጥቁረት አያስለቅቅም። የእንጨቱን የራሱን መልክ ያነጣና ጥቁሩን በነጭ መደብ ላይ አጉልቶ ይተወዋል። ለዚህ የሚሠራው ኦክሳሊክ አሲድ ነው፤ ከኬሚካል ሻጮች ዘንድ እንደ ስኳር ነጭ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያ ቅቡ ከጠረጴዛው ፊት በሙሉ ይነሣል። አሲዱ በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ዕቃ (በብረት አይደለም) በሞቀ ውኃ ይሟሟል፤ በብሩሽ ፊቱ ላይ በሙሉ ይቀባል፤ ከዚያም በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል። ካልለቀቀ ይደገማል። ከዚያ ለቀናት መድረቅ አለበት።

አሲዱ መርዝ ነው። ጓንትና የዓይን መነጽር ያስፈልጋል፤ ሲደርቅ የሚቀረው ዱቄት ደግሞ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ልጆች ባሉበት ቤት በመጠጥ ጠርሙስ አስቀምጦ መሄድ ከጠረጴዛው የሚበልጥ ኪሣራ ያመጣል። ከበረኪና ጋር መቀላቀልም ጨርሶ አይገባም፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሎሚም አሲድ አለውና አይሠራም ወይ የሚል አይጠፋም። አዲስና ቀላል ምልክት ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ለዓመታት የተኛበትን ግን አይነቀንቀውም።

ከአሲዱ በኋላ ያለው የአናጢ ሥራ ነው፦ መለገግ፣ ማለስለስ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት። ክቡን ብቻ ለይቶ ማከም አይቻልም፤ የታከመው ቦታ ከሌላው ነጥቶ ስለሚታይ ፊቱ በሙሉ ይሠራል። ወጪውን የሚያከብደው ይህ ነው።

ለምሳሌ ያህል እንደሚከተለው እናስላ። ምልክት የሌለበት ጠረጴዛ 8,000 ብር ያወጣል እንበል። ምልክት ያለበትን ሻጩ በ5,500 ይለቀዋል። ነጭ ከሆነ 200 ብር ወጪና አንድ ከሰዓት ተጨምሮበት ከ2,000 ብር በላይ ይተርፋል። ጥቁር ከሆነ ለአሲድ፣ ለብርጭቆ ወረቀት፣ ለቫርኒሽና ለአናጢው የሁለትና የሦስት ቀን ዋጋ 2,500 ብር ቢወጣ ትርፉ ዜሮ ነው፤ ገንዘቡም አንድ ሳምንት ታስሯል። ስለዚህ ለጥቁሩ ነጋዴው ከ4,000 በላይ ባይሰጥ ይመረጣል። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ በራሱ ገበያ ይተካቸው።

ስሱ ልባስ

ከላይ ያለው ሁሉ ለሙሉ ጣውላ ነው። ዛሬ በገበያው የሚበዛው ግን በችፑድ ወይም በኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ ስስ የእንጨት ልባስ፣ ወይም የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀት ነው። የእንጨት ልባሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይሳሳል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛውን ጠረጴዛ ሙሉ ዋንዛ መስሎት ጥቁሩን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ውሎ፣ ጥቁሩ ከመልቀቁ በፊት ከሥር የነበረው ገርጣ ያለ ችፑድ ብቅ ብሎበታል። ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ አልነበረም፤ ጠርዙን አላየሁም። ሙሉ ጣውላ ከሆነ ከላይ ያለው የእንጨቱ ዘር በጠርዙ በኩል ተቆርጦ ይቀጥላል፤ ልባስ ከሆነ በጠርዙ ላይ የተለጠፈ ክር ይታያል ወይም ከሥር በኩል መልኩ ይለወጣል።

ችፑድና ኤምዲኤፍ ውኃ ከጠጡ ያብጣሉ፤ ያበጠው ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። እንዲህ ያለውን በርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው የገዛው ማገዶ ነው፤ ሙጫው ስላለበት እሱም ባይነድ ይመረጣል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ሲያስወግዱ ማስታወቂያው ላይ ዕቃው «ባለበት ሁኔታ» እንደሚሸጥ ይጻፋል። ሲፒኦ ካስያዙና ካሸነፉ በኋላ ጥቁር ነበር፣ አብጦ ነበር ማለት አይሰማም። ማስታወቂያው ለማየት የሚሰጠውን ቀን ብዙ ተጫራች ዕቃውን ቆጥሮ ለመመለስ ብቻ ይጠቀምበታል። በዚያ ቀን የእጅ ባትሪ ይዞ መሄድ፣ ብርሃኑን በጎን እያበሩ ነጩን ከጥቁሩ እየለዩ መቁጠር፣ ጠርዝና እግር ማየት ይበጃል። ሃምሳ ጠረጴዛ በአንድ ሎት ሲቀርብ ከሃምሳው ስንቱ ነጭ፣ ስንቱ ጥቁር፣ ስንቱ ያበጠ መሆኑን የያዘ ተጫራች ከሌሎቹ ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም ዋጋ መስጠት የሚያስችል ምክንያት አለው።

አዲስ አበባ ወስደው የሚሸጡም አሉ። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከደጀን ወርዶ በአባይ በረሃ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ካለ በኋላ እንደገና ጎሐ ጽዮን ይወጣል። አዲስ የተቀባ ዕቃ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና ላይ ከሸራ ሥር ይህን ሙቀት ካለፈ፣ በላስቲኩ የታፈነው እርጥበትና ሙቀት ያንኑ ነጭ ደመና ያመጣል፤ የላስቲኩ ሽብሽብም በቅቡ ላይ ይታተማል። ቅቡ ደርቋል የሚባለው እጅ ስላልያዘ አይደለም፤ ውስጡ እስኪጠነክር እንደ ቅቡ ዓይነት ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ ካልተጠበቀ ዕቃው በላስቲክ ሳይሆን በብርድ ልብስ ወይም በንጹሕ ጆንያ ይጠቅለል፤ መኪናውም በረሃውን በሌሊት ወይም በማለዳ እንዲያልፍ ከሹፌሩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው።